ሁለት ጊዜ የወደቁት አብራሪ፦ የኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ ጉዳይ ለምን አልተዘጋም?

ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ የጦር አውሮፕላንና ስለ አብራሪው ነው። አውሮፕላኑ ግንቦት 29 ቀን 1990 ዓ.ም. አስመራ ላይ ተመትቶ ወደቀ። ብረት ነውና የእሱ ነገር እዚያው አለቀ። አብራሪው ግን በጃንጥላ ወርደው በሕይወት ተያዙ። መያዛቸውንም የኤርትራ መንግሥት ራሱ ለዓለም ተናገረ። ከዚያ በኋላ ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ የውሃ ሽታ ሆነው ቀሩ። ሩብ ምዕተ ዓመት አለፈ፤ የበላው ጅብ አልጮኸም።

ስማቸውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ግንቦት በመጣ ቁጥር ፎቶግራፋቸው በየማኅበራዊ ሚዲያው ይዞራል፤ «ጀግናችን የት ነህ?» ይባላል፤ ሁለት ሦስት ቀን ይከርምና ይረሳል። በመካከሉ ደግሞ «እንዲህ ያለ ቦታ ታይተዋል»፣ «የለም፣ ያኔውኑ አልፈዋል» የሚል ወሬ ይነዛል። እኔ ያንን ወሬ እዚህ አልደግመውም። ወሬ የሚያነሣ ሰው ጠዋት ያነሣዋል፣ ማታ ይረሳዋል፤ የሰውየው ቤተሰብ ግን በእያንዳንዱ ወሬ አንድ ጊዜ ይሞታል፣ አንድ ጊዜ ይነሣል። ዛሬ ማድረግ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። አንድ አብራሪ በጠላት ምድር ወድቆ ሲያዝ በሕግ ምን ይደረጋል? ማን ምን መጻፍ፣ ማን ለማን ማሳወቅ አለበት? ይህን በቅጡ ካየን የኮሎኔል በዛብህ ጉዳይ የጀግንነት ትረካ ብቻ ሳይሆን መልስ የሚጠበቅበት፣ ተጠያቂ ያለበት ጥያቄ መሆኑ ይገባናል።

በመጀመሪያ ሁኔታውን ላስታውሳችሁ። የባድመ ግጭት የተቀሰቀሰው በ1990 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነው። ወር ሳይሞላው ጦርነቱ ወደ ሰማይ ወጣ። ግንቦት 28 ቀን የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች የአስመራን አውሮፕላን ማረፊያ ደበደቡ፤ በዚያው ቀን የኤርትራ አውሮፕላኖች መቀሌን ደበደቡ፣ የአይደር ትምህርት ቤት ሕፃናትም አለቁ። ማን ቀደመ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። በማግስቱ የኢትዮጵያ አየር ኃይል ወደዚያው ወደ አስመራ ተመለሰ። ኮሎኔል በዛብህ የተመቱት በዚህ በሁለተኛው ቀን ነው።

ልብ በሉ፤ ይህ የሁለተኛ ቀን ነገር ቀላል አይደለም። በዚያ ዘመን ሚጎቻችን የሚጥሉት ቦምብ ተመርቶ የሚሄድ አልነበረም። አብራሪው በዓይኑ አይቶ፣ አነጣጥሮ ነው የሚለቀው፤ ለዚህም ዝቅ ማለት አለበት። ዝቅ ሲል ደግሞ የመሬቱ መትረየስም፣ በትከሻ የሚተኮሰው ሚሳይልም ይደርስበታል። የመጀመሪያው ቀን ድንገተኛ ነው፤ በሁለተኛው ቀን ግን መሬት ላይ ያለው ሰው እንቅልፉን ጥሎ፣ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አቅንቶ ይጠብቅሃል። ወደ አንድ ዒላማ ሁለት ቀን በተከታታይ የሚላክ አብራሪ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። አውቆም ይሄዳል።

የሚያሳዝነው ደግሞ አስመራ ለአየር ኃይላችን ሰዎች የባዕድ ከተማ አልነበረችም። እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ የኢትዮጵያ አየር ኃይል ጦር ሰፈር የነበረባት፣ ስንት አብራሪ የወጣትነት ዘመኑን ያሳለፈባት ከተማ ናት። ዕድሜ ለፖለቲከኞቻችን፣ በሰባት ዓመት ውስጥ ዒላማ ሆነች።

አሁን ወደ አብራሪው እንመለስ። አውሮፕላን ተመትቶ አልታዘዝ ሲል አብራሪው ያለው ጊዜ የሰከንዶች ነው። እጀታውን ሲስብ በላዩ ያለው መስተዋት ይፈነቀልና ከወንበሩ ሥር ያለው ሮኬት ከነወንበሩ ወደ ላይ ያስፈነጥረዋል። በኛም አየር ኃይል ቋንቋ «ኢጀክት አደረገ» የሚባለው ይህ ነው። ግፊቱ እጅግ ከባድ ስለሆነ የአከርካሪ አጥንት ይጎዳል፤ ከዚያ ወጥተው ዕድሜ ልካቸውን ወገባቸውን የሚያማቸው አብራሪዎች ብዙ ናቸው። ከዚያ ጃንጥላው ይከፈታል። ያ ሰው ከአንድ ደቂቃ በፊት በዓለም ላይ ካሉ አስፈሪ መሣሪያዎች በአንዱ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አሁን በገመድ ተንጠልጥሎ፣ በነፋስ እየተወዛወዘ የሚወርድ፣ ምንም ማድረግ የማይችል ሰው ነው። የሚወርደው ደግሞ ገና ቦምብ በጣለበት አካባቢ፣ በጣለባቸው ሰዎች መሀል ነው።

ሕጉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ከተመታ አውሮፕላን በጃንጥላ የሚወርድን ሰው ገና በአየር ላይ ሳለ መተኮስ ክልክል ነው። መሬት ሲደርስም እጁን እንዲሰጥ ዕድል ሊሰጠው ይገባል። ይህ በ1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1977) በጄኔቫ ስምምነቶች ላይ በተጨመረው የመጀመሪያው ፕሮቶኮል፣ አንቀጽ 42 ላይ ተጽፏል፤ ደንቡ ግን ከወረቀቱ በፊትም በጦረኞች ዘንድ የታወቀ ነበር። ምክንያቱም ያ ሰው በዚያች ሰዓት ተዋጊ አይደለም። መርከቡ የሰጠመበት መርከበኛ ማለት ነው።

እጁ ከተያዘ በኋላስ? እዚህ ላይ በ1949 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት ይመጣል። እኔ የፖለቲካ ሳይንስ ስማር ይህን ሰነድ ያነበብኩት እንደ ማንኛውም ሰነድ ነበር፤ በአንቀጽ የተከማቸ፣ ደረቅ። አሁን ሳነበው ግን ዋናው ጉዳዩ እኛ ሐበሾች በሚገባ የምናውቀው ነገር ሆኖ አገኘዋለሁ። ስለ መርዶ ነው። ሰውን የያዘ መንግሥት ወይ ሰውየውን፣ ወይ መርዶውን ይሰጣል ነው የሚለው።

እንዴት? ምርኮኛው ሲጠየቅ የመናገር ግዴታ ያለበት ስሙን፣ ማዕረጉን፣ የትውልድ ቀኑንና የሠራዊት መለያ ቁጥሩን ብቻ ነው። ወደ ማቆያው ከገባ ቢበዛ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለቤተሰቡና ጄኔቫ ላለው የቀይ መስቀል ማዕከል «ተይዣለሁ፣ ጤንነቴ እንዲህ ነው» የሚል ካርድ እንዲጽፍ ይደረጋል። የያዘው መንግሥት በበኩሉ የምርኮኞች መረጃ ቢሮ አቋቁሞ የእያንዳንዱን ሰው ስም ያስተላልፋል። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ሰዎች ወደ ካምፑ ገብተው፣ ምርኮኛውን ያለ ጠባቂ ለብቻው ያነጋግሩታል። ታመመ? ይመዘገባል። ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ? ይነገራል። በወንጀል ተከሰሰ? ያም ቢሆን ለአገሩ ይነገራል። ሞተ? የሞት የምስክር ወረቀት ይጻፋል፤ የሞተበት ምክንያት፣ ቀኑ፣ የተቀበረበት ቦታ ይገለጻል፤ መቃብሩ ምልክት ይደረግበታል። አሟሟቱ የሚያጠራጥር ከሆነ ደግሞ ምርመራ ተደርጎ ውጤቱ ይላካል። ጦርነቱ ሲያበቃ በሕይወት ያለው ሳይዘገይ ወደ አገሩ ይመለሳል።

እንግዲህ አስቡት። በዚህ ሕግ መሠረት በሕይወት የተያዘ ሰው ያለበት ስፍራ ወይ ካምፕ ነው፣ ወይ ፍርድ ቤትና ወህኒ ነው፣ ወይ አገሩ ነው፣ ወይ መቃብሩ ነው። ለእያንዳንዳቸው ወረቀት አላቸው። «አይታወቅም» የሚባል ስፍራ በሕጉ ውስጥ የለም።

አንዳንድ ሰው «ይህ ሁሉ ለፈረንጅ ነው፤ በኛ አካባቢ መቼ ተሠርቶበት ያውቃል?» ሊል ይችላል። ተሠርቶበታል። የጄኔራል ለገሰ ተፈራን ታሪክ አስታውሱ።

በ1969 ዓ.ም. ክረምት የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴንን ሲወርር ኢትዮጵያ እጅግ በደከመ ሁኔታ ላይ ነበረች። አሜሪካ ፊቷን አዙራለች፤ የሶቭየት መሣሪያ ገና በገፍ አልገባም። በሰማይ ላይ የነበረን ነገር ጥቂት ኤፍ-5 ጄቶችና በሚገባ የሠለጠኑ አብራሪዎች ናቸው። በሌላው ወገን በቁጥር የሚበልጡ ሚግ-21ዎች አሉ። በወረቀት ላይ ፈጣኑ ሚግ ነው። ነገር ግን ኤፍ-5 ቀላልና ተገለባባጭ ነው፤ የኛ ልጆችም በቅርብ ፍልሚያ ተክነውበታል። ለገሰ ተፈራ በእነዚያ ሳምንታት በርካታ የሶማሊያ አውሮፕላኖችን ጥለዋል። በመጨረሻ የእሳቸውም አውሮፕላን ተመታ። ወረዱ፤ ተያዙ። አሥራ አንድ ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት ቆዩ።

አሥራ አንድ ዓመት! ሲሄዱ ሕፃን የነበረ ልጅ ሲመለሱ ጎረምሳ ሆኖ ይጠብቃል። ነገር ግን ተመለሱ። በ1980 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ ተስማሙ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ በቀይ መስቀል አማካይነት 3,500 ገደማ ኢትዮጵያውያን ምርኮኞች ወደ አገራቸው ገቡ። ከእኛ ጎን ተሰልፎ በ1970 የተማረከው ኩባዊ መኮንን ኦርላንዶ ካርዶሶም ከአሥር ዓመት በላይ ታስሮ በዚያው ዓመት ነፃ ወጣ። ሁለት አምባገነኖች ናቸው የተስማሙት፤ ሁለቱም ለሕግ ባላቸው አክብሮት የሚታወቁ አይደሉም። ዘገዩ፣ አሰቃዩ፤ ግን በመጨረሻ ሰዎቹን በስም ቆጥረው ተለዋወጡ። ጄኔራል ለገሰ አገራቸው ገብተው፣ የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግና ሜዳይ ለብሰው፣ ታሪካቸውን በገዛ አንደበታቸው ለመናገር በቁ።

የኮሎኔል በዛብህ ታሪክ እዚህ ላይ ልዩ የሚሆንበት ሌላ ምክንያት አለ። ግንቦት 1990 ለእሳቸው የመጀመሪያው አልነበረም። በደርግ ዘመንም አውሮፕላናቸው ተመትቶ በሻዕቢያ እጅ ወድቀው፣ ተማርከው፣ በኋላ ተለቀዋል። ያኔ ሻዕቢያ መንግሥት አልነበረም፤ በረሃ ያለ አማፂ ነበር። የደርግ መንግሥት ደግሞ የተማረኩ ወታደሮቹን «አሉኝ» ለማለት እንኳ ፈቃደኛ አልነበረም። አፍአበት ላይ፣ ሌላም ሌላም ቦታ ሺዎች ተማርከው አዲስ አበባ ጆሮ ዳባ ልበስ ትል ነበር። እንዲያም ሆኖ በረሃ ያለው አማፂ የያዘውን አብራሪ በሕይወት አቆይቶ ለቀቀው። ያው ኃይል መንግሥት ሆኖ፣ ባንዲራ ሰቅሎ፣ የተባበሩት መንግሥታት ውስጥ ወንበር ይዞ ሁለተኛ ጊዜ የያዘውን ያንኑ ሰው ግን መመለስም፣ ሞተ ማለትም አቃተው። ይህን ለሚያስረዳኝ ሰው ጆሮዬ ክፍት ነው።

አስመራ ያኔ ያነሣችው የነበረ አንድ የሕግ ክርክር አለ፤ ልንደብቀው አይገባም። ኤርትራ የጄኔቫ ስምምነቶችን የተቀበለችው ነሐሴ 8 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው። ማለትም ኮሎኔሉ ከተያዙ ከሁለት ዓመት በኋላ። ስለዚህ «በዚያን ጊዜ አልፈረምንም፤ ቀይ መስቀልን የማስገባት ግዴታ አልነበረብንም» ተባለ። ይህ ክርክር በአልጀርስ ስምምነት (ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም.) የተቋቋመው የኤርትራ-ኢትዮጵያ የካሳ ኮሚሽን ፊት ቀረበ። ኮሚሽኑ ሰኔ 24 ቀን 1995 ዓ.ም. በምርኮኞች ጉዳይ ሁለት ውሳኔዎችን ሰጠ። ኤርትራ ብትፈርምም ባትፈርምም የስምምነቱ ዋና ዋና ድንጋጌዎች ልማዳዊ ዓለም አቀፍ ሕግ ናቸው፤ ያስራሉ፤ አለ። የቀይ መስቀል ጉብኝትም ከእነዚሁ አንዱ ነው። ከግንቦት 1990 እስከ ነሐሴ 1992 ድረስ ኤርትራ ቀይ መስቀልን ከምርኮኞች በመከልከሏ ሕግ ጥሳለች ብሎ ፈረደ። ያ ጊዜ በትክክል የኮሎኔል በዛብህ የመጀመሪያ ሁለት ዓመታት ነው። ሰው በሚጠፋበት ጊዜ የሚያይ ዓይን አልነበረም ማለት ነው።

ቀይ መስቀል ለምን ይህን ያህል አስፈላጊ ሆነ ብትሉ፣ ተራ የሚመስለውን ነገር አስቡ፤ ስም መመዝገብ። ስሙ በውጭ ሰው መዝገብ ላይ የሰፈረ ምርኮኛን ማጥፋት ከባድ ነው፤ በሚቀጥለው ወር ያው ሰው መጥቶ «እገሌ የት አለ?» ይላል። ስሙ ያልሰፈረውን ግን «አላየነውም» ማለት ይቻላል። የኮሎኔል በዛብህን የተለየ የሚያደርገው ይሄም ቢሆን ለኤርትራ መንግሥት አይሆንለትም፤ መያዛቸውን ያወጀው ራሱ ነውና።

ሆኖም እኔ የአንድ ወገን ጠበቃ አይደለሁም። በዚያው ቀን የወጣው ሌላኛው ውሳኔ የኛንም መንግሥት ነክቷል። በዚያ ጦርነት ኢትዮጵያ 2,600 ገደማ፣ ኤርትራ 1,100 ገደማ ምርኮኞች ይዘው ነበር። ልውውጡ ከተጀመረ በኋላ በ1993 ክረምት መጨረሻ ላይ ኢትዮጵያ መልቀቋን አቆመች። ምክንያት ብላ ያቀረበችው የገቡበት ያልታወቀ ወታደሮቿን ጉዳይ ነው፤ የኮሎኔል በዛብህ ስም ከሁሉም ቀድሞ ይነሣ ነበር። ጥያቄው ትክክል ነበር። መንገዱ ግን ሌሎች ሰዎችን ማስያዣ ማድረግ ነበርና ኮሚሽኑ ኢትዮጵያ የምርኮኞችን መመለስ በማዘግየቷ ተጠያቂ ናት አለ። የኤርትራ እናትም እናት ናት፤ የሷም ልጅ ስም መዝገብ ላይ መገኘት አለበት።

በመጨረሻ ኤርትራ በነሐሴ 1994፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ኅዳር 20 ቀን 1995 ዓ.ም. የቀሩትን ምርኮኞች ሁሉ ለቀቅን አሉ። «ሁሉ» ተባለ። በዚያ «ሁሉ» ውስጥ ግን ኮሎኔሉ የሉም። በ2001 ዓ.ም. ኮሚሽኑ የካሳውን ገንዘብ ቆረጠ፤ ለኢትዮጵያ 174 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ለኤርትራ 163 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። ዶላሩ ከወረቀት አልወጣም። ቢወጣስ?

እዚህ አሜሪካ የምትኖሩ ወገኖቼ ፖስታ ቤት ስትገቡ ከአሜሪካ ባንዲራ በታች አንድ ጥቁር ባንዲራ አይታችሁ ይሆናል። አንገቱን ያቀረቀረ ሰው ጥላ፣ ከኋላው የጥበቃ ማማ፣ የሾህ ሽቦ። ብዙዎቻችን የሆነ ማኅበር ባንዲራ መስሎን እናልፈዋለን። የምርኮኞችና የገቡበት ያልታወቁ ወታደሮች ባንዲራ ነው፤ ከቬትናም ጦርነት ጊዜ ጀምሮ የቤተሰቦቻቸው ጩኸት ያወጣው። መንግሥት በወዶ ገባነት አላመጣውም፤ ሚስቶችና እናቶች ናቸው በር እያንኳኩ ያስገደዱት።

ያ ጩኸት ምን እንደሚሠራ አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። በ1991 እ.ኤ.አ. የባሕረ ሰላጤው ጦርነት በተጀመረበት የመጀመሪያ ሌሊት፣ ጥር 17፣ ስኮት ስፓይከር የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አብራሪ ኢራቅ በረሃ ላይ ተመቶ ወደቀ። ወዲያውኑ ሞቷል ተባለ። ግን አስከሬን አልነበረም። በ1995 አንድ ቡድን በቀይ መስቀል ጥላ ሥር ስብርባሪውን ሄዶ አየ። በ2001 መንግሥት ራሱ ያወጣውን «ሞቷል» የሚል ውሳኔ ሽሮ «የገባበት አልታወቀም» አለ። በመጨረሻ በ2009 በበረሃው የሚኖሩ ሰዎች በሰጡት ጥቆማ አፅሙ ተገኘ፤ አሜሪካ ገብቶ ተቀበረ። አሥራ ስምንት ዓመት ፈጀ። ዛሬም ለዚሁ ሥራ ብቻ የቆመ መሥሪያ ቤት አላቸው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ የገቡበት ያልታወቁ ከ80 ሺህ በላይ ሰዎችን ዶሴ ይዟል።

ሁሉም እንዲህ አያልቅም። እስራኤል ያላችሁ ወገኖች የሮን አራድን ስም ታውቁታላችሁ። ጥቅምት 1986 እ.ኤ.አ. ሊባኖስ ላይ ከፋንቶም ጄት በጃንጥላ ወረደ። አብራሪው በነፍስ አድን ሄሊኮፕተር እግር ላይ ተንጠልጥሎ አመለጠ፤ አራድ ግን ተያዘ። ደብዳቤ ጻፈ፣ ፎቶግራፉ መጣ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ድምፁ ጠፋ። እስራኤል የምትችለውን ሁሉ አድርጋ እስከ ዛሬ አላገኘችውም። ነገር ግን አላገኘችውም እንጂ አልተወችውም። በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት ሰማይና ምድር ነው።

የኛስ? እስቲ ሐምሌ 2 ቀን 2010ን እናስታውስ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድና ፕሬዚዳንት ኢሳይያስ አፈወርቂ አስመራ ላይ የሰላምና የወዳጅነት መግለጫ ፈረሙ። አምስት ነጥብ አለው፤ የጦርነቱ ሁኔታ አበቃ ይላል፣ ትብብር ይላል፣ ትራንስፖርትና ንግድና ስልክ ይላል፣ ድንበር ይላል፣ የአካባቢ ሰላም ይላል። ሁለት ወር ቆይቶ ጂዳ ላይ ሌላ ስምምነት ተፈረመ። ሁለቱንም አንብቡ፤ ረጅም አይደሉም። በጦርነቱ ስለጠፉ ሰዎች አንዲት መስመር የላቸውም።

ሐምሌ 11 ቀን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከሃያ ዓመት በኋላ አስመራ አረፈ። ሰው ተላቀሰ፤ እኔም ስቱዲዮ ተቀምጬ ስመለከት እንባዬን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር። ያ ማረፊያ ግን ግንቦት 28 ቀን የተደበደበው ማረፊያ ነው። አበባ ተይዞ በተወረደበት በዚያ ሜዳ ላይ «ያ አብራሪያችንስ?» ብሎ መጠየቅ ሰላሙን የሚያደፈርስ ነገር አልነበረም። ሰላም የሚባለው ነገር አንዱ ትርጉሙ እሱ ነውና። ተጠይቆ ከሆነ መልሱ ለሕዝብ አልተነገረም። ከዚያ ጊዜው አለፈ፤ በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የአየር መንገዱ የአስመራ በረራ እንደገና ተቋረጠ። አሁን ደግሞ ሁለቱ መንግሥታት ዳግመኛ ጥርስ እየተናከሱ ነው።

ይህን ስል በአስመራ ላይ ብቻ ጣት ለመቀሰር አይደለም። የጄኔቫው ስምምነት የመረጃ ቢሮ አቋቁሙ የሚለው ለሁለቱም ወገን ነው። ኤርትራ በዚያ ጦርነት 19 ሺህ ወታደሮች እንደሞቱባት በይፋ ተናግራለች፤ ቁጥሩን የማያምን ቢኖርም ቢያንስ ተናግራለች፣ ለቤተሰቦችም መርዶ ተነግሯል። የኢትዮጵያ መንግሥት ስንት ልጆቻችን እንደሞቱ፣ ስንቶቹ የገቡበት እንዳልታወቀ የተሟላ ቁጥር ለሕዝብ ያቀረበበት ቀን የለም። የራሱን ሰው ቁጥር የማይናገር መንግሥት ስለ አንድ አብራሪ ሌላውን ሲጠይቅ ድምፁ ይሰልላል።

የዚህ ዝምታ ዋጋ የሚከፈለው ቤት ውስጥ ነው። በኛ ባህል ሰው ሲሞት መርዶ ይረዳል፣ ይለቀሳል፣ ፍታት ይፈታል፣ አርባው ይወጣል፣ ተዝካር ይደገሳል። እርም ይወጣል። ሞቱ ያልተረጋገጠ ሰው ግን እርሙ አይወጣም። ማን ደፍሮ ከል ይለብሳል? ለብሶስ፣ ነገ ቢመጣ? የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ይህን ያውቃል፤ አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ ቤተሰቡ ፍርድ ቤት ሄዶ «ጠፍቷል» የሚል ውሳኔ እንዲሰጥ መጠየቅ ይችላል፤ ውሳኔው በትዳርና በንብረት ላይ ውጤት አለው። ነገር ግን ልብ በሉ፣ ያ ማመልከቻ የሚቀርበው በሚስት ወይም በልጅ እጅ ነው። ሰውየውን ወደ ጦርነት የላከው መንግሥት «የላክሁት እኔ ነኝ፣ የት እንደደረሰም የምናገረው እኔ ነኝ» ማለት ሲገባው፣ የመጥፋቱን ፊርማ የሚፈርሙት ቤተሰቦቹ እንዲሆኑ ይተዋል። ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ ደግሞ እንዲህ ያለ ቤት ስንት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ይህን የምታነቡት በዚያው ቤት ውስጥ ሆናችሁ ነው።

ምን ማድረግ ይቻላል ለምትሉኝ፣ ተጨባጭ ነገር ልንገራችሁ። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ የጠፋ ሰው የማፈላለግ ሥራ ጦርነቱ ስላበቃ አይዘጋም። ጥያቄ ማቅረብ የሚችለው የቅርብ ቤተሰብ ነው፤ አገልግሎቱ ነፃ ነው። ውጭ አገር የምትኖሩ በምትኖሩበት አገር ባለው የቀይ መስቀል ማኅበር በኩል ማመልከት ትችላላችሁ። የሚጠየቀው ሙሉ ስም ከነአያት፣ የትውልድ ዘመንና ቦታ፣ ማዕረግና ክፍል፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ወይም የተሰማበት ቀንና ቦታ ነው። ያረጀ ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍ፣ የሠራዊት መታወቂያ ካለ አትጣሉት። ወላጆች በሕይወት ሳሉ ያመልክቱ፤ አፅም ቢገኝ በዘር ምርመራ የሚለየው በእነሱ ደም ነው፣ ዕድሜ ደግሞ አይጠብቅም።

በኮሎኔል በዛብህ ጉዳይ ደግሞ ጥያቄው ለመንግሥታት ነው፤ አጭርም ነው። ግንቦት 29 ቀን 1990 ዓ.ም. በሕይወት ይዘነዋል ያላችሁት ሰው ካርዱ የት ነው? በሕይወት ካለ የታሰረበት ቦታ፣ ከሞተ የሞተበት ቀን፣ ምክንያቱና የተቀበረበት ስፍራ ይነገር። አዲስ አበባም ይህን ጥያቄ መቼ፣ በማን በኩል፣ በስንት ደብዳቤ እንደጠየቀችና ምን እንደተመለሰላት ለቤተሰቡና ለሕዝብ ትግለጽ። ደብዳቤዎቹ ካሉ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና መከላከያ ሚኒስቴር መዝገብ ቤት ውስጥ ናቸው፤ ለማውጣት የኤርትራን ፈቃድ አይጠይቁም።